ግጥም አይገባኝም ለምትሉ፤ ሳይፈቱ የማጣጣም አሠራር

ሰሞኑን ደግሞ ተጠየቅሁ። "ግጥም ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ግን አይገባኝም። ከየት ልጀምር?" ይህ ጥያቄ ወር ሳይሞላው ተመልሶ ይመጣል። የሚጠይቁኝ ሰዎች ደግሞ ሰነፎች አይደሉም። ወፍራም ልብ ወለድ በሁለት ቀን ይጨርሳሉ። ግጥም ላይ ሲደርሱ ግን ፈተና ክፍል የገቡ ይመስል ፊታቸው ይጨልማል።

እስቲ እኔም ልጠይቃችሁ። "እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ ይደግሳል" የሚለውን ታውቁታላችሁ? ቡሄ ሲመጣ ዱላ እየመታችሁ ጮኻችሁታል፤ ወይም በር ላይ ቆማችሁ ሰምታችሁታል። "ጭሱ የምን ምሳሌ ነው?" ብሎ የጠየቀ ልጅ ትዝ ይላችኋል? እኔ ትዝ አይለኝም። ተጮኸ፣ ተሳቀ፣ ሙልሙል ተበላ፣ አለቀ። ያን ጊዜ ግጥም ይገባችሁ ነበር ማለት ነው። አለመግባት በኋላ የመጣ ነው።

እኔ ላይ የመጣው ትምህርት ቤት ነው። ስለ ዝናብ የተጻፈ ግጥም ተሰጠን። "ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?" የሚል ጥያቄ ነበረበት። "ዝናብ እንደሚወድ" ብዬ ጻፍሁ። ዜሮ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ግጥም ውስጥ ዝናብ ባየሁ ቁጥር ዝናቡን ትቼ ከጀርባው የተደበቀውን ሰው ስፈልግ ኖርሁ። እንደዚህ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለእናንተ ነው። እኔን አውጥቶኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ነገ የአማርኛ ፈተና ያለበት ተማሪ ይህን አይከተል። ፈተና የራሱ መንገድ አለው። ፈተናውን ጨርሳችሁ ተመለሱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ስስ የግጥም መድበል። ወፍራም አይሁን፤ ወፍራም መድበል ያስፈራል። ከሌላችሁ ስልካችሁ ላይ ያለ አንድ ግጥም ይበቃል።
- 15 ደቂቃ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።
- ድምፅ ማውጣት የሚቻልበት ቦታ። ታክሲ ውስጥ አይሆንም። ወጥ ቤት ጥሩ ነው።
- የስልክ ድምፅ መቅጃ።
- ግጥም የምታነቡለት አንድ ሰው። ይህ በመጨረሻ ነው የሚያስፈልገው፤ ግን ካሁኑ አስቡበት።
- መዝገበ ቃላት፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። መቼ እንደሚወጣ እነግራችኋለሁ።

እርሳስ አታምጡ። እርሳስ የያዘ እጅ ማስመር ይፈልጋል። ማስመር ከጀመራችሁ ደግሞ ወደ ፈተናው ክፍል ተመለሳችሁ ማለት ነው።

አብረን የምንሠራበት ግጥም ያስፈልገናል። ለዚህ መመሪያ ብዬ ሁለት ስንኝ ራሴ ጻፍሁ። ትልቅ ግጥም አይደለም፤ መለማመጃ ነው።

ከሰሉን አራግባ ቡናውን ጣደችው፣
አራት ሲኒ አጥባ አንዱን መለሰችው።

ለጊዜው ዝም ብላችሁ እለፉት። እንመለስበታለን።

1. አጭር ግጥም ምረጡ

ከ2 እስከ 14 ስንኝ ያለው ይሁን። መድበሉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ በተራ አታንብቡ። ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ የየግጥሙን የመጀመሪያ ሁለት ስንኝ ብቻ ቅመሱ። አንዱ ያዝ ያደርጋችኋል። ለምን እንደያዛችሁ አትጠይቁ፤ እሱ ነው የዛሬው።

አጭር የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። ይህ አሠራር አንዱን ግጥም አምስት ስድስት ጊዜ ያስነብባችኋል። 80 ስንኝ ያለው ግጥም አምስት ጊዜ ሲነበብ ቅጣት ይሆናል።

2. ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። "በልቤ አነበዋለሁ" ይላል። አማርኛ ግጥም ላይ ይህ አያዋጣም። ምክንያቱ ፊደላችን ውስጥ ነው ያለው፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም።

"ገና አልመጣም" የሚለውን ተመልከቱ። "ገና" ላልቶ ሲነበብ የምንጠብቀው ሰው እስካሁን አልደረሰም ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ በዓሉ አልደረሰም። "ሰፊ" ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። "ዋና" ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ዓይን አይለያቸውም፤ ጆሮ ነው የሚለያቸው። ገጣሚ ደግሞ ይህን ክፍተት ያውቃል፤ ይጫወትበታልም። በዓይን ብቻ ስታነቡ ጨዋታውን ሳታዩት ታልፋላችሁ፣ ከዚያ "አልገባኝም" ትላላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡ። መደናቀፍ ያለ ነው፤ አትቁሙ። ከዚያ ሁለተኛ አንብቡና ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ሦስተኛውን አታንብቡ፤ የቀዳችሁትን አዳምጡ። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል። እኔ ሰውዬው ማነው ብያለሁ። ይለመዳል።

ድምፅ አውጡ ስል የዜና አንባቢ ሁኑ ማለቴ አይደለም። መድረክ ላይ እንዳለ ሰው ድምፅ ማወፈር፣ ቃል መጎተት፣ ማልቀስ አያስፈልግም። ጎረቤት ለሆነች ሴት ወሬ እንደምትነግሩ አንብቡ። ስሜቱን እናንተ ካመጣችሁት ከግጥሙ የመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አትችሉም።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ልጆቻችሁ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ አድገው ፊደሉን እየቆጠሩ የሚያነቡ ከሆነ፣ ከወረቀት አታስጀምሯቸው። አያታቸው ስልክ ላይ ግጥሟን ትበልላቸውና ትቀዳ። መጥበቅና መላላቱ በዚያ መንገድ ቶሎ ይገባቸዋል። ፊደሉ በኋላ ይደርሳል።

3. ምቱን በጣታችሁ ፈልጉ

ጠረጴዛ ላይ በጣታችሁ እየመታችሁ ይህን በሉ፦

እ–ዚያ–ማ–ዶ / ጭስ–ይ–ጨ–ሳል
አ–ጋ–ፋ–ሪ / ይ–ደ–ግ–ሳል

አራት፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ አራት። እያንዳንዷ ምት ቀለም ትባላለች። አራት አራት እያለ የሚሄደው ምጣኔ ስሙ ራሱ ቡሄ በሉ ነው። አምስት አምስት የሚሄድም አለ፤ ሰንጎ መገን ይባላል። "ዝናቡ ዘንቦ፣ ጎዳናው ጸዳ" ብትሉ በዚያ መንገድ ሄዳችሁ ማለት ነው። ስድስት ስድስት የሚሄደው የወል ቤት ነው፤ ብዙ የአማርኛ ግጥም የሚራመደው በዚህ ነው። ስሞቹን መሸምደድ የለባችሁም። ጣታችሁ ካወቀው ይበቃል።

አሁን የቡናዋን ስንኝ ምቱ፦

ከ–ሰ–ሉን–አ–ራግ–ባ / ቡ–ና–ውን–ጣ–ደ–ችው
አ–ራት–ሲ–ኒ–አጥ–ባ / አን–ዱን–መ–ለ–ሰ–ችው

ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት። ትንፋሹ የት እንደወደቀ አያችሁ? "አራት ሲኒ አጥባ" ካለ በኋላ ነው። እዚያ ላይ ግማሽ ሰከንድ ትቆማላችሁ። ከዚያ "አንዱን መለሰችው" ይመጣል። ያቺ ግማሽ ሰከንድ ባትኖር ስንኙ ተራ ወሬ ነው። ምቱን ፈልጉ የምለው ለዚህ ነው፤ ገጣሚው ዝም ያለበትን ቦታ የምታገኙት በምቱ ነው።

ቀለም ስትቆጥሩ ፊደል አትቁጠሩ። "ጭስ" ሁለት ፊደል ነው፤ ምቱ ግን አንድ ነው። ጆሯችሁን እመኑ። አንዳንድ ጊዜም ሁለት ቃል ሲገናኝ አናባቢ ይዋጣል። እዚያው ቡሄ ላይ የሚጮኸው "ያቺ ድንክ አልጋ" በወረቀት አምስት ይሆናል፤ ሲጮኽ ግን "ያች ድንክ አልጋ" ሆኖ አራት ውስጥ ይገባል። ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጉታል።

ጣታችሁ ሥራ ላይ እያለ የስንኙን መጨረሻም አዳምጡ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ግስ ከግስ ጋር ቤት ማስመታት (የስንኞቹን መጨረሻ በአንድ ድምፅ ማሳረፍ) ቀላል ነው፤ "ይጨሳል" እና "ይደግሳል" እንደዚያ ናቸው። የኔም "ጣደችው" እና "መለሰችው" ከዚያው መንደር ናቸው፤ አልኮራባቸውም። ግን ይህን ስሙት፦

ያቺ ድንክ አልጋ አመለኛ፣
ያለ አንድ ሰው አታስተኛ።

"አመለኛ" ብሎ "አታስተኛ"! አንዱ ግስ ነው፣ ሌላው አይደለም፤ ግን ተገናኙ። ልጅ ሆናችሁ እዚህ ላይ የሳቃችሁት በከንቱ አይደለም። ቤት አመታቱ ራሱ ቀልድ ነው። ሌላ ግጥም ላይ እንዲህ ዓይነት ያልተጠበቀ መገናኘት ስትሰሙ ቆም በሉና ፈገግ በሉ። ትንተናው ይኸው ነው፤ ተጨማሪ አይፈለግም።

ምቱ አልገኝ ካለስ? ዘመናዊ ግጥም ብዙ ጊዜ ምጣኔም ቤትም ላይኖረው ይችላል። አታስገድዱት። ስንኙ በሚያልቅበት ቦታ ትንሽ ተንፍሱና ቀጥሉ።

4. ሰሙን እዩት

እዚህ ላይ ረጋ እንላለን። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ነው፤ ወርቅ ከሥሩ የተደበቀው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃውን ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ ባዶ በሆነው ቦታ ወርቁ ይገባል። እንግዲህ ልብ በሉ። ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርጽ ነው። ሰሙ ላይ ያልተሠራች ጆሮ ወርቁ ላይ አትገኝም። ሰሙን ሳያዩ ወርቁን ማግኘት አይቻልም።

እኛ ግን "ወርቁ የት አለ?" እያልን ሰሙን ረግጠነው እናልፋለን።

ስለዚህ ለጊዜው "ምን ማለት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ተዉት። በምትኩ እነዚህን ጠይቁ፦ ምን ይታያል? ምን ይሰማል? ምን ይሸታል? ማን አለ? ማን የለም?

ዓይናችሁን ጨፍኑና የቡናዋን ስንኝ በእነዚህ አስኪዱት። ከሰል አለ፤ ሲራገብ ፍንጣሪው ይታያል። ጀበና ተጥዷል። ሴትዮዋ ሲኒ እያጠበች ነው፤ የሚንቀጫቀጨው ይሰማል። አራት። ከዚያ እጇ ይቆማል። አንዱን ታነሳና ወደ ነበረበት ትመልሰዋለች። ስንት ሰው ቡና ይጠጣል? ሦስት። አራተኛው ማነው? ግጥሙ አልነገረንም።

አሁን እዚያው ቆዩ። አትሩጡ። "ባሏ ሞቶ ነው"፣ "ልጇ ተሰዶ ነው"፣ "ተጣልታ ነው" ብላችሁ ቶሎ አትዝጉት። ሦስቱም ይሆናል። እጅ በልማድ አራት እንደሚያወጣ፣ አእምሮ ዘግይቶ እንደሚደርስ ብቻ ተሰማችሁ? ቤቱ ሰው የጎደለበት ሁሉ ያውቀዋል። ከተሰማችሁ ግጥሙ ሥራውን ጨርሷል።

ለአንድ ወዳጄ ይህን ስንኝ አሳየሁት። ጥቂት አሰበና "አራቱ ወንጌላት ናቸው" አለኝ። እሺ፣ የትኛውን ወንጌል ነው ወደ መደርደሪያ የመለሰችው? መልስ የለውም። ቡናው ግን እስከዚያ ድረስ ቀዝቅዞበታል።

5. የማታውቁት ቃል ሲመጣ

አጭር ነው። ሥዕሉ ከታያችሁ ቃሉን እለፉት። ሥዕሉ ካልታያችሁ ብቻ መዝገበ ቃላቱን ከመሳቢያ አውጡ።

"አጋፋሪ" ማለት በድግስና ግብር በሚበላበት ቦታ እንግዳ የሚያስተናብር ሹም ነው። ይህን ሳናውቅ ስንት ቡሄ ጨፈርን? ድግስ መኖሩ ገብቶናል፤ ጭሱም ታይቶናል። ያ በቂ ነበር። ዛሬ ስታውቁት ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። ቅደም ተከተሉ ግን እንደዚያ ይሁን፤ መጀመሪያ ጭፈራው፣ ከዚያ መዝገበ ቃላቱ። ግጥሙን ገና ሳትሰሙ አሥር ቃል ብትፈቱ፣ የምታነቡት ግጥሙን ሳይሆን የቃላት ዝርዝር ይሆናል።

6. አሁን፣ ወርቅ ካለ

እዚህ ድረስ ስትመጡ ግጥሙን ቢያንስ አራት ጊዜ ሰምታችሁታል። ብዙ ግጥም እዚህ ያበቃል፤ ወርቅ የለውም። እንዲኖረውም አልተፈለገም። የቡናዋ ስንኝ እንደዚያ ነው፤ ሲኒው ሲኒ ነው።

አንዳንዱ ግን አለው። በአፍ የቆየችውን ይህቺን ስሙ፦

የምን ጥቅም ጠላ የምን ጥቅም ጠጅ፣
ጠላትን ሲሸኙ ቡና አድርገው እንጂ።

መጀመሪያ ሰሙን እንደ ተማርነው እንየው። እንግዳ ሊሸኝ ነው። ጠላና ጠጅ ቀርቶ ቡና ይቅረብለት ይላል። "ጠ" እየተደጋገመች አፍ ላይ ስትመታ ስሙ፤ ጠላ፣ ጠጅ፣ ጠላት። ደስ ይላል።

ግን አንድ ነገር ይጎረብጣል። ለጠላት ቡና ይፈላል እንዴ? ይህ ጉርብጥብጥ ነው ምልክቱ። ወርቅ ያለበት ስንኝ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል በቦታው ሆኖም በደንብ አልተቀመጠም። ያ ቃል ኅብረ ቃል ይባላል፤ ሁለቱንም ትርጉም የያዘው እሱ ነው። ስታገኙት እንዲህ ሞክሩት፦ አጥብቃችሁ አንብቡት፣ አላልታችሁ አንብቡት፣ ከጎረቤቱ ቃል ጋር ግጠሙት፣ ቁረጡት። "ቡና አድርገው" ሲገጠም "ቡን አድርገው" ይሆናል። ቡን ማድረግ እንደ ዱቄት አብንኖ ድራሹን ማጥፋት ነው። እንግዳው ጉድ ሆነ!

የሚፈተንበት ደንብ ይኸው፦ ሁለተኛው ትርጉም መላውን ስንኝ ካልለወጠ ወርቅ አይደለም። እዚህ ላይ "ሲሸኙ" የሚለውም አብሮ ተለወጠ፤ መሸኘቱ ወደ ቤት መሆኑ ቀረ። ጠላና ጠጁ ለምን እንደተናቁም ገባን። ሁሉም ቃል ተሰልፎ ዞረ። የወንጌላቱ ትርጉም የወደቀው በዚህ ፈተና ነው፤ ቁጥር አራትን ብቻ ይዞ ሌላውን ሜዳ ላይ ተወው።

የጊዜ ገደብም አለው። አምስት ደቂቃ ፈልጉ። ካልተገኘ ተዉት። ወርቅ ራሱ ሲመጣ ነው የሚጥመው፤ ሳምንት ቆይቶ ፊት ስትታጠቡ ከች ይላል። ማብራሪያ አንብባችሁ ብታገኙት ግን ቀልድ ሲተነተን እንደ መስማት ነው፤ ይገባል፣ አያስቅም።

7. አንድ ስንኝ ያዙ

ከግጥሙ ውስጥ አንድ ስንኝ በቃላችሁ ያዙ። ሙሉውን አይደለም፤ አንድ። የትኛው እንደሆነ አትምረጡ። መድበሉን ዝጉና አፋችሁ ላይ የቀረው የትኛው እንደሆነ ተመልከቱ።

በቃል መያዝ ያስፈለገው ግጥም ከመጽሐፍ ውጭ ስለሚሠራ ነው። ወረፋ ስትጠብቁ፣ መንገድ ሲዘጋጋ፣ መብራት ሲጠፋ ስንኟ ትመጣለች። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ትርጉሟ ትንሽ ተቀይሮ ታገኟታላችሁ። እናንተ ናችሁ የተቀየራችሁት፤ በዚያ ቀን ያያችሁት ነገር አብሯት ይነበባል።

8. ለአንድ ሰው አንብቡለት፤ አታብራሩ

ለሚስት፣ ለባል፣ ለወንድም፣ ለሥራ ባልደረባ። "አንዴ ስማኝ" ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ ዝም በሉ።

"ገባህ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይህቺ ቃል ሰውየውን በአንድ ጊዜ ተማሪ ታደርገዋለች። ቅኔ በሚሰማበት ቦታ ሰው ደስ ሲለው "ይበል!" ይላል። "ተረድቻለሁ" አይልም። ሰሚው ዝም ካለ ዝም ይበል፤ "ድገምልኝ" ካለ ድገሙ። ከ"ድገምልኝ" የበለጠ ምስጋና አላውቅም።

ምናልባት ሰሚው እናንተ ያላያችሁትን ያያል። እናቴ የቡናዋን ስንኝ ስትሰማ፣ "ቡናው ገና ሳይፈላ ነው ሲኒ ያጠበችው? ቀደም ብላ ነው" አለች። ትክክል ናት። ሰው ሐዘን ሲኖርበት እጁ ሥራ ይፈልጋል። እኔ ይህን አስቤ አልጻፍሁትም። ግን አሁን እዚያው ውስጥ አለ።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

መድበሉን እንደ ልብ ወለድ መጨረስ። በአንድ ማታ 60 ግጥም ያነበበ ሰው አንዱንም አላነበበም። ምግብ ቤት ገብቶ ሜኑውን በሙሉ እንደ ማዘዝ ነው። በሳምንት ሁለት ይበቃል።

ገጣሚውን ማሳደድ። "ይህን ሲጽፍ ታስሮ ነበር?"፣ "ለማን ነው የጻፈው?" የሰውየውን ሕይወት ማወቅ ይጠቅማል፤ ግን ከግጥሙ በኋላ። አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ግጥሙን እንደ ማስረጃ ወረቀት ታገላብጡታላችሁ። ይህ በተለይ ፖለቲካ በምንወድ ሰዎች ላይ ይብሳል። ወፍ ባየን ቁጥር የትኛው ባለሥልጣን ነው እንላለን። አንዳንዴ ወፏ ወፍ ናት።

ሙዚቃ የተለጠፈበት ግጥም ብቻ መስማት። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ከበስተኋላ ዋሽንት እያለቀሰ የሚነበብ ግጥም ሞልቷል። ክፉ አይደለም። ግን ዋሽንቱ ካስለቀሳችሁ ግጥሙ ምን ሠራ? ያንኑ ግጥም በጽሑፍ ፈልጉና በራሳችሁ ድምፅ ሞክሩት። ከቆመ ጥሩ ግጥም ነው። ከወደቀ ዋሽንቱን አመስግኑ። መድረክ ላይ በጃዝ ታጅቦ የሚቀርብ ግጥም ለመስማት ስትሄዱም ይሠራል፤ ወደ ቤት ስትመለሱ ያለ ባንዱ አንድ ስንኝ ማለት ከቻላችሁ ትኬቱ አልከሰረም።

አልወደድሁትም ለማለት መፍራት። "ትልቅ ገጣሚ ነው፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ" ብላችሁ ችክ አትበሉ። ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ምንም ካልተሰማችሁ ገጹን ገልብጡት። ግጥም እንደ በርበሬ ነው፤ የሁሉ ሰው ምላስ አንድ አይደለም። ግን ገጹን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። (አዎ፣ አሁን እርሳስ ይፈቀዳል።) ከዓመት በኋላ ተመለሱበት።

የመጨረሻው ጥንቃቄ፦ ሙሾና የሐዘን ግጥም ላይ ይህን አሠራር በሙሉ አትጠቀሙ፤ በተለይ እናንተ ራሳችሁ ሐዘን ላይ ከሆናችሁ። ደረጃ 2 እና 4 አንድ ላይ ከባድ ናቸው። ድምፅ ማውጣትና ሥዕሉን ማየት ሲደመር ሰውን ያፈርሳል። እንዲህ ያለውን ግጥም ሰው ባለበት አንብቡ፤ ካልሆነም ለሌላ ቀን አቆዩት።

እየሠራላችሁ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

በትርጉም አይደለም። አንድ ጠዋት ዕቃ እያጠባችሁ ጣታችሁ የሳህኑን ጠርዝ ስድስት ጊዜ ይመታል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ስድስት ጊዜ ይመታል። ወይም ቡና ስታቀራርቡ ሲኒ ስትቆጥሩ ራሳችሁን ታገኛላችሁ።